ትንኝ ተራራ ሲወጣ፦ የማዊ ደሴቷ ኪዊኪዩ ለምን ልትጠፋ ደረሰች?

ከማዊ ደሴት በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ አንዲት የጫካ ወፍ አለች። ኪዊኪዩ ትባላለች። ማዊ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ካሉት የሃዋይ ደሴቶች አንዷ ናት። ወፏ ዛሬ የምትኖረው ሃሌአካላ በሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ነው። ያውም ተራራው ላይ ሁሉ አይደለም። ዝናብና ጉም በማይለየው ጎኑ፣ በአንድ ቀጭን የጫካ ቀበቶ ውስጥ ብቻ ነው።

በ1980 በተደረገው ቆጠራ 500 ያህል ነበሩ። በ2017 ግምቱ ወደ 157 ወረደ። ከዚያ ወዲህም መልካም ዜና አልተሰማም። በ2022 የወጣ የባለሙያዎች ግምገማ ደግሞ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ወፏ በ2027 ገደማ ልትጠፋ ትችላለች ብሏል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ወሬ ስንሰማ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መጥረቢያ ነው። ጫካው ተመነጠረ፣ ወፏም መጠጊያ አጣች እንላለን። እውነት ነው፣ የደሴቷ የቆላ ጫካ ድሮ ተመንጥሯል። አሁን ወፏ ያለችበት ጫካ ግን በአብዛኛው ጥብቅ ነው። ከፊሉ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፊሉ መንግሥት የሚጠብቀው ደን ነው። አጥር አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ዛፉም ቆሟል። ወፏ ግን እያለቀች ነው። እኔን ይህን ጉዳይ እንድከታተል ያደረገኝ ይህ ነው። ለጥበቃ መደረግ ያለበት ሁሉ የተደረገ በሚመስልበት ቦታ፣ አጥር የማያቆመው ገዳይ ገብቷል። ገዳዩ ትንኝ ነው።

እንጨት ሰንጥቃ የምትበላ ወፍ

ኪዊኪዩ ትንሽ ናት። ክብደቷ ከ20 ግራም ብዙም አያልፍም። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ሆዷ ቢጫ ነው። ከዓይኗ በላይም ደማቅ ቢጫ ቅንድብ አላት። ከሁሉ የሚገርመው ምንቃሯ ነው። የላይኛው ረዘም ብሎ ወደ ታች ይቆለመማል። የታችኛው አጭርና እንደ መሮ ስለታም ነው። ቅርንጫፍ ላይ ትወጣለች፣ አንዳንዴም ቁልቁል ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ከዚያ ጭራሮውን ምንቃሯ ውስጥ አስገብታ ጥርቅም አድርጋ ትይዘዋለች። ትነክሰዋለች፣ ትጠመዝዘዋለች፣ ትሰነጥቀዋለች። ቅርፊቱ ሲነሳ ውስጡ ተደብቆ የነበረው የጥንዚዛ እጭ ይገኛል። የጫካ ፍሬም ቀጥፋ ትከፍታለች። የምትፈልገው ግን ፍሬውን አይደለም። ውስጡ ያለውን ትል አውጥታ ትበላና ፍሬውን ትጥለዋለች።

ይህን ሙያ ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋል። ጫጩቷ ከጎጆ ከወጣች በኋላም ከወላጆቿ አትለይም። ቢያንስ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አብራቸው ትቆያለች። እያየች ትማራለች፣ እየለመነች ትበላለች። ስለዚህ አንድ ጥንድ በዓመት የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ያውም ከተሳካ። ዶፍ ዝናብና ነፋስ ጎጆውን ያበላሸባቸው ዓመት ያለ ልጅ ያልፋል። በዓመት አንድ ጫጩት የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ ብዙው ችግር የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

በመርከብ የመጣ መዘዝ

ሃዋይ ላይ በተፈጥሮ አንድም የትንኝ ዝርያ አልነበረም። ደሴቶቹ ከአህጉሮች በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚርቁ ትንኝ በራሷ በርራ ልትደርስ አትችልም። በ1826 ግን ዌሊንግተን የምትባል መርከብ ከሜክሲኮ ተነስታ ማዊ ላይ ላሃይና ደረሰች። የመጀመሪያዎቹ ትንኞች የገቡት በዚህች መርከብ የውሃ በርሜሎች ውስጥ በነበረ እጭ እንደሆነ ይነገራል። ይህቺ ትንኝ እኛ የወባ ትንኝ የምንላት አኖፌለስ አይደለችም። ኩሌክስ ናት። ማታ ማታ ጆሯችን ስር እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳን ቢንቢ ናት።

ለረጅም ጊዜ ትንኟ ብቻዋን ነበረች። የምታስተላልፈው በሽታ በኋላ ነው የመጣው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ሰዎች ከውጭ ካስገቧቸው ወፎች ጋር የወፍ ወባ ገባ። ተውሳኩ ፕላስሞዲየም ሬሊክተም ይባላል። የሰው ወባ ዘመድ ነው፤ ሰውን ግን አይዝም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያሳየው ሮናልድ ሮስ በ1898 ካልካታ ውስጥ የተውሳኩን ዑደት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከታተለው በወፎች ላይ ነው። የተጠቀመባትም ትንኝ ኩሌክስ ነበረች። የሰው ልጅ ስለ ወባ የሚያውቀው መሠረታዊ ነገር የተገኘው በወፍ ደም ነው ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ለወፎች ዕዳ አለብን።

የሃዋይ ወፎች ከዚህ በሽታ ጋር ትውውቅ አልነበራቸውም። ኪዊኪዩና ዘመዶቿ ከእስያ ከመጣ አንድ የጥንት ወፍ የተገኙ ናቸው። ሚሊዮኖች ዓመታት ያለ ትንኝ ኖረዋል። ሰውነታቸው መከላከያ የሚያዘጋጅበት ምክንያት አልነበረውም። ተውሳኩ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ሴሎቹን ያፈርሳል። ወፏ ደም ያንሳታል፣ አቅም ታጣለች፣ መብላት ያቅታታል፣ ትሞታለች። ኢኢዊ በምትባለው ቀይ የሃዋይ ወፍ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በሽታው ያለባት አንዲት ትንኝ አንዴ ብቻ ከነከሰቻቸው ከ10 ወፎች 9 ያህሉ እንደሚሞቱ ታይቷል። ኪዊኪዩም ለበሽታው እጅግ ተጋላጭ ናት።

ብርቅዬዎቹ ወፎች ሲያልቁ በሽታውም አብሮ አይጠፋም። ከውጭ የገቡት ወፎች፣ ለምሳሌ ድንቢጦች፣ ተውሳኩን ተሸክመው መኖር ይችላሉ። እነሱ ብዙም ሳይጎዱ ትንኟን በየጊዜው ይበክሏታል። እሷ ደግሞ ሄዳ ኪዊኪዩን ትነክሳለች።

ከኪዊኪዩ ወገን ከሆኑት ከ50 የሚበልጡ የሃዋይ ዝርያዎች ዛሬ የቀሩት 17 ብቻ ናቸው። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት 8 የሃዋይ የጫካ ወፎች ዳግም ላይመለሱ እንደጠፉ በይፋ አስታወቀ። አንዷ ፖኦኡሊ ናት። እሷም የማዊ ብቻ ነበረች። ሳይንስ ያወቃት በ1973 ነው፤ የመጨረሻዋ የታወቀች ወፍ በኅዳር 2004 በማራቢያ ማዕከል ውስጥ ሞተች። ከታወቀች በኋላ የኖረችው 31 ዓመት ብቻ ነው።

ደጋው መከታ የነበረበት ዘመን

ታዲያ ኪዊኪዩ እስከ ዛሬ እንዴት ተረፈች? መልሱን የሀገራችን ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ደጋ ላይ ስለሆነች ነው።

ተውሳኩ ትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን እድገቱ ይቆማል። ትንኟም ብርድ አይመቻትም። በዚህ ምክንያት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው ጫካ ለረጅም ጊዜ ከወባ ነፃ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በታች ያሉት ወፎች አለቁ። ከዚያ በላይ ያሉት ተረፉ። ኪዊኪዩ ድሮ ቆላው ላይም ትኖር ነበር። ዛሬ ከፍታው ላይ ብቻ የምናገኛት ብርድ ስለምትወድ አይደለም፤ የታች ዘመዶቿ ስላለቁ ነው።

እኛ ዘንድም ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ አይደርስም ሲባል ነው የኖረው። ሰው ከቆላ ሲመለስ ንዳድ ይዞ ይመጣል፣ ደጋ ወጥቶ ያገግማል። ይህ መከታ ግን ሁልጊዜ አልጸናም። በ1958 በኢትዮጵያ ወረርሽኙ ደጋውንም ወይና ደጋውንም አጥለቅልቆ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በ2014 የወጣ ጥናት ደግሞ የደብረ ዘይት አካባቢን የወባ መዝገብ መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ታች እንደሚመለስ አሳይቷል። ሃሌአካላ ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ልዩነቱ ኪዊኪዩ መድኃኒትም አጎበርም የላትም።

አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ትንኟ ወደ ላይ ትወጣለች። ወፏም ወደ ላይ መሸሽ ያለባት ይመስላል። ግን የት ትሄዳለች? ሃሌአካላ 3,055 ሜትር ከፍታ አለው። ጫካው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ያበቃል። ከዚያ በላይ ቁጥቋጦና ሣር ነው፣ ከዚያም ድንጋይ። እንጨት ሰንጥቃ ለምትበላ ወፍ እዚያ ምግብ የለም። ከታች ትንኝ፣ ከላይ ዛፍ አልባ ተራራ። የቀራት ቀበቶ ከሁለቱም ወገን ነው የሚጠብባት።

ወፎቹ በሽታውን ተላምደው አይቋቋሙትም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የቻለ ወፍም አለ። አማኪሂ የሚባለው ሌላ የሃዋይ ወፍ በአንዳንድ ቦታዎች ቆላው ላይ ከወባው ጋር መኖር ጀምሯል። አማኪሂ ግን በብዛት የነበረ ወፍ ነው። ብዙዎቹ ሞተው፣ የተቋቋሙት ጥቂቶች ተባዙ። ኪዊኪዩ ይህን ዕድል አታገኝም። መቶ ምናምን ብቻ ሆና፣ በዓመት አንድ ጫጩት እያሳደገች፣ ከ10 9 የሚገድል በሽታ ቢያገኛት የምትላመድበት ጊዜ የለም። ታልቃለች።

የናኩላው ሐዘን

የወፏ ጠባቂዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሁሉም ወፍ አንድ ጎን ላይ መሆኑ ራሱ አደጋ ነው። አንድ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሊጨርሳቸው ይችላል። ስለዚህ በተራራው ሌላ ጎን፣ ናኩላ በሚባል ቦታ ሁለተኛ መኖሪያ ለማዘጋጀት ተነሱ። ናኩላን ከብትና የዱር ፍየል ለብዙ ዘመን ግጠውት ነበር። አጥር ታጠረ፣ እንስሳቱ ወጡ፣ ኮአ የሚባለው የሀገሩ ዛፍ ተተከለ። ኮአ ኪዊኪዩ ከምንም በላይ የምትወደው ዛፍ ነው። ዓመታት ተጠበቀ።

በጥቅምት 2019 14 ወፎች እዚያ ተለቀቁ። 7ቱ ከዱር ተይዘው የመጡ፣ 7ቱ ማራቢያ ማዕከል ያደጉ ነበሩ። ሰዎቹ እያንዳንዷን ወፍ ያውቋታል፤ እግሯ ላይ ቀለበት፣ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ሬዲዮ አለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወፎቹ ተራ በተራ መሞት ጀመሩ። አስከሬናቸው ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ገሚሶቹም ደብዛቸው ጠፋ። ትንኟ ከተጠበቀው በላይ ወደ ላይ ወጥታ ነበር። ከ14ቱ አንድ ወንድ ብቻ፣ ሞቷል ከተባለ ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ፣ በ2021 በሕይወት ታየ።

የአንዱ መትረፍ ተስፋ ሰጪ ነው። ዋናው ትምህርት ግን መራራ ነው። ዛፍ መትከል፣ አጥር ማጠር፣ ወፍ ማራባት ሁሉም ያስፈልጋሉ። ትንኟ ካለች ግን ሦስቱም ወፏን አያድኗትም።

ወፎቹን ሁሉ ይዞ ማራቢያ ማዕከል ማስገባትም የተሟላ መልስ አይደለም። ካዋይ በምትባለው ሌላዋ የሃዋይ ደሴት ላይ የነበረችው አኪኪኪ ከዱር ጠፋች በሚባል ደረጃ ላይ ናት። ዛሬ ያለችው ሰዎች ከጎጆ በሰበሰቧቸው እንቁላሎች ምክንያት ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2023 ማዊ ላይ ላሃይናን ያወደመው የእሳት አደጋ በተነሳበት ቀን፣ ሌላ እሳት ኦሊንዳ ያለው የወፎች ማራቢያ ማዕከል ደጃፍ ደርሶ ነበር። ሠራተኞችና አንድ ጎረቤት በእሳት ማጥፊያና በአትክልት ማጠጫ ጎማ ነው የመለሱት። ብርቅዬ ዝርያዎች አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ ያዳናቸው የውሃ ጎማ ነበር። ኪዊኪዩ ደግሞ በማራቢያ ውስጥ በቀላሉ የምትራባ ወፍ አይደለችም።

ትንኝን በትንኝ

ቀጥተኛው መንገድ ትንኟን መቀነስ ነው። ግን እንዴት? ጫካውን መድኃኒት ብንረጨው ወፏ የምትበላቸው ነፍሳትም ያልቃሉ። ውሃ ያቆረባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ማከምም በዚያ ገደልና ጭቃ ውስጥ የትም አያደርስም።

የተመረጠው ዘዴ ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያን ይጠቀማል። ዎልባኪያ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ ካሉ ነፍሳት ግማሽ ያህሉ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። የሃዋይ ትንኞችም የራሳቸው ዓይነት አላቸው። ባለሙያዎቹ ሌላ ዓይነት ዎልባኪያ ያላቸው ትንኞችን አራብተው ወንዶቹን ብቻ ይለያሉ። ወንድ ትንኝ አይናከስም፣ የአበባ ወለላ ነው የሚቀስመው። እነዚህ ወንዶች ጫካው ውስጥ ካለችው ሴት ጋር ሲገናኙ፣ የሁለቱ ዎልባኪያ ስለማይጣጣም እንቁላሏ አይፈለፈልም። ሴቷ ብዙውን ጊዜ የምትገናኘው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ የተሳሳተ ወንድ ካገኘች ዘር ሳትተካ ትሞታለች። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ቁጥራቸው ይወርዳል።

ልቀቱ ማዊ ላይ በኅዳር 2023 ተጀመረ፣ በኋላ ካዋይም ተከተለች። ትንኞቹ በአሜሪካ ዋና ምድር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተራብተው በአውሮፕላን ይመጣሉ። ከዚያ አፈር ውስጥ በሚበሰብሱ ትናንሽ ማሸጊያዎች ተደርገው ከሄሊኮፕተር ወደ ጫካው ይጣላሉ። ሲጀመር ማዊ ላይ በሳምንት 250,000 ያህል ይለቀቁ ነበር፤ በኋላ ቁጥሩ ጨመረ። በ2025 ደግሞ ድሮን መጠቀም ተጀመረ። ድሮን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ አይጥልም። በዚያ ጉምና ነፋስ ውስጥ ሄሊኮፕተር ማብረር ቀላል ነገር አይደለም።

የተቃወሙ ነዋሪዎች አሉ። በላቦራቶሪ የተራባ ነፍሳት በሰማይ ሲበተን ማየት ማንንም ያስደነግጣል፤ አልፈርድባቸውም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እነዚህ ሰዎች መጠየቅ መብታቸው ነው። ደሴቷ ከውጭ በመጡ ነገሮች ብዙ የተጎዳች ናት። ለአንድ ችግር መፍትሔ ተብለው የገቡ እንስሳት ራሳቸው ችግር የሆኑበት ታሪክም አለ። ቢሆንም እኔ ከልቀቱ ጎን ነኝ። ምክንያቴም ግልጽ ነው። ትንኟ የሀገሩ ነፍሳት አይደለችም። ስትጠፋ ተርቦ የሚቀር የሃዋይ እንስሳ የለም። የሚለቀቁት ወንዶች አይናከሱም፣ ዘረ መላቸውም አልተቀየረም። ልቀቱ ቢቆም ደግሞ ወንዶቹ በጥቂት ጊዜ ይሞታሉ፣ ነገሩም ወደነበረበት ይመለሳል። የተፈጥሮ ሥራ ላይ ከሚደረጉ ጣልቃ ገብነቶች ውስጥ እንዲህ በቀላሉ የሚቆም ብዙ አይገኝም።

ድካሙም ያለው እዚያው ላይ ነው። በቀላሉ የሚቆም ነገር በቀላሉ ይከሽፋል። ወንዶቹ በየሳምንቱ መለቀቅ አለባቸው። አንድ የበጀት ዓመት ቢቋረጥ ትንኟ ትመለሳለች። የዱር አሳማውን ከጫካው ማስወጣትም ጎን ለጎን መቀጠል አለበት። አሳማው በደሴቷ ላይ የሚበቅለውን፣ ፈርን የሚባለውን ዛፍ መሰል ትልቅ ተክል ገፍትሮ ይጥልና ግንዱን ቦርቡሮ ይበላዋል። የተቦረቦረው ግንድ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይይዛል። ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው። አንድ አሳማ በሄደበት መንገድ ሁሉ የትንኝ መራቢያ ጥሎ ያልፋል።

ሳይንሱ እኔን ብዙ አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ ጊዜና ገንዘብ ነው። ትንኟ ነገ ብትጠፋ እንኳ፣ በዓመት አንድ ጫጩት የምታሳድግ ወፍ ወደ 1980ው ቁጥሯ ለመመለስ ረጅም ዓመታት ያስፈልጓታል። ናኩላ ላይ የተተከሉት የኮአ ዛፎች እያደጉ ነው፤ ወፏን መልሶ እዚያ ለመልቀቅ ግን ትንኟ መውረዷ በቆጠራ መረጋገጥ አለበት። ያ እስኪሆን ድረስ ድሮኖቹ በየሳምንቱ መነሳት አለባቸው። ይህን ሥራ የሚደጉመው ገንዘብ አብዛኛው የሚመጣው ከመንግሥት ካዝና ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይከለሳል።